እርዳታ በመውጫው ይመዘን

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዓለም ገና ላይ ወርዶ ወደ ሰበታ አቅጣጫ በእግሩ የሚያዘግም ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ከፋብሪካ አጥሮችና ከአዳዲስ ሕንፃዎች መካከል የዛገ ታፔላ ማየቱ አይቀርም። ታፔላው የፕሮጀክቱን ስም፣ የለጋሹን ዓርማ፣ የተጀመረበትንና የሚያበቃበትን ዓመት ይነግራል። ከታፔላው ጀርባ ምን እንደቀረ ግን አይነግርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚኖርበት ሰፈር እንዲህ ያሉ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው በውጭ በጎ አድራጊዎች ገንዘብ የተሠራ የውኃ ቦኖ ነው። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጦለታል፤ ጥቂት ዓመታትም በደንብ ሠርቷል። ፓምፑ ሲሰበር ግን ለአንድ ጀሪካን የሚከፈለው ሳንቲም የመለዋወጫ ዋጋን አስቦ የተተመነ ስላልነበረ የውኃ ኮሚቴው ካዝና ባዶ ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ሄዷል፤ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ንብረቱን በመዝገቡ አላሰፈረውም። ዛሬ እናቶች በጋሪ የሚመጣ ውኃ በውድ ይገዛሉ። ሁለተኛው ሥራ ከቦኖው ብዙም ሳይርቅ በሌላ በጎ አድራጊ የተገነባ ባለ አራት ክፍል የትምህርት ቤት ብሎክ ነው። ግድግዳው ሳይቆም የመምህራኑ መደብ በወረዳው በጀት ተይዞ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ክፍሎቹ ግን ዛሬም በልጆች የተሞሉ ናቸው።

የሁለቱም ገንዘብ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። የሁለቱም ሰጪዎች ቅን ነበሩ ብለን እንውሰድ። ታዲያ አንዱን ሥራ ያቆየው፣ ሌላውን ያፈረሰው ምንድን ነው? የውጭ እርዳታ ድሃ አገሮችን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው የቆየ ክርክር መልስ ያጣው ይህን ጥያቄ ስለሚዘል ነው የሚል እምነት አለኝ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ ይህ ነው፦ እርዳታ መመዘን ያለበት በገባው ገንዘብ መጠን ወይም በሰጪው አሳብ ሳይሆን፣ ሰጪው በወጣ ማግስት ሥራው በማን እጅ እንደሚገኝና ተረጂው ማንን መጠየቅ እንደሚችል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የክርክሩ ሁለት ጫፎች

በዓለም አቀፉ ክርክር ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። ጄፍሪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፉ ድሃ አገሮች ከድህነት ወጥመድ የሚወጡት በቂና የተቀናጀ እርዳታ ሲያገኙ ነው ብሎ ተከራከረ። ዊልያም ኢስተርሊ በቀጣዩ ዓመት፣ ዳምቢሳ ሞዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በተቃራኒው ቆሙ። በተለይ ሞዮ እርዳታ ሙስናን ያደልባል፣ መንግሥታትንም ለዜጎቻቸው ሳይሆን ለለጋሾች እንዲያጎበድዱ ያደርጋል አለች። የኖቤል ተሸላሚው አንገስ ዲተንም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሥራው የመንግሥት ገቢ ከግብር ከፋዩ ሳይሆን ከውጭ ሲመጣ በመንግሥትና በዜጋ መካከል ያለው ውል ይላላል የሚል ሥጋት አንጸባርቋል።

በአገራችን ያለው ክርክርም ከዚህ አይርቅም። አንዱ ወገን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል፤ ሌላው ወገን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያለቁትን ወገኖቻችንን አስታውሶ ስንዴው በጊዜ ቢደርስ ኖሮ ስንቱ በተረፈ ነበር ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን እርዳታን እንደ አንድ ነገር ቆጥረው ይናገራሉ። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚመጣ ስንዴ፣ በአንድ አገልግሎት ላይ ለዓመታት የሚፈስ ገንዘብ፣ ባለሙያ ለማፍራት የሚደረግ ውል እና ሊከፈል የሚገባው ብድር በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ስንዴው ገበሬውን ያሰንፋልን?

በእርዳታ ላይ ከሚቀርቡት ክሶች በጣም የተለመደው የምግብ እርዳታ ገበሬውን ያሰንፋል፣ የእህል ዋጋንም ይጥላል የሚለው ነው። ይህ ክስ በኢትዮጵያ መረጃ ተፈትኗል። አብዱላይ፣ ባሬት እና ሆዲኖት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት እርዳታ የሚያገኙ ቤተሰቦች ከማያገኙት ያነሰ የሚሠሩ መስለው የሚታዩት እርዳታው ቀድሞውኑ አቅመ ደካማ ለሆኑት ስለሚሰጥ መሆኑን አሳይተዋል። የቤተሰቡ መሪ ዕድሜና ጾታ፣ የመሬት ይዞታ፣ የቤተሰብ ብዛትና የመሳሰሉት ሲታሰቡ የስንፍናው ማስረጃ ይጠፋል። ሌቪንሶን እና ማክሚላንም እ.ኤ.አ. በ2007 ስንዴን በተመለከተ ባደረጉት ጥናት ድሃው ቤተሰብ በአብዛኛው እህል ገዢ እንጂ ሻጭ ባለመሆኑ ዝቅተኛ የስንዴ ዋጋ በአማካይ ድሃውን ይጠቅማል የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል።

እንግዲህ ተረጂውን በስንፍና መክሰስ በማስረጃ የማይደገፍ ነው። ይህን ማለት ግን የምግብ እርዳታ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጉድለቱ የሚገኘው በተረጂው ጠባይ ሳይሆን በፖለቲካው ላይ ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ወሎ ረኃብ በጻፈው ትንታኔ ሕዝቡ ያለቀው በአገር ደረጃ እህል ስለጠፋ ሳይሆን እህል የመግዛት አቅሙ ስለጠፋ እንደሆነ፣ ከወሎም እህል ወደ ሌላ ስፍራ ይወጣ እንደነበር አመልክቷል። የጎደለው የሚጠየቅ መንግሥት ነበር። በ1977 ዓ.ም. የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ዘገባ ከቆረም የረኃቡን ገጽታ ለዓለም አሳየ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ከፍተኛ ገንዘብ አሰባሰበ። በዚያው ዘመን ግን ወታደራዊው መንግሥት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ብዙዎችንም ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ሠፈራ ያጓጉዝ ነበር። ይህን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ስንዴው ሕይወት አድኗል፤ ለማን እንደሚጠየቅ ያልታወቀ በመሆኑ ግን ለሌላ ዓላማም አገልግሏል።

የወጡ እጆች

አሁን ወደ ዓለም ገና እንመለስ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ የማሠልጠኛ ማዕከል የሚገኘው በዚህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ለጥያቄያችን ጥሩ ምሳሌ ነው። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር ተፈራረመች፤ በዚያው ዓመትም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኃላፊዎቹና መሐንዲሶቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። ቀስ በቀስ ቦታቸውን ኢትዮጵያውያን ያዙ። ገንዘቡ ምጽዋት ሳይሆን ብድር ስለነበረ ስለ አጠቃቀሙ የሚጠይቅ አካል ነበረ፤ ሥራው በአዋጅ በተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ስለተመዘገበም የውጭ ባለሙያው ሲሄድ ባለቤት አላጣም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዓለማያ ነው። በ1944 ዓ.ም. በተፈረመ ውል የኦክላሆማ የግብርናና የመካኒካል ኮሌጅ ሰዎች መጥተው ትምህርቱን በጅማ ጀመሩ፣ ቀጥሎም በዓለማያ አደራጁት። ውሉ በ1960 ዓ.ም. ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስተኛው ጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና የአሜሪካ መንግሥት ረድተዋል። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ረጂዎቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን አለፈ፤ የጤና መኮንኑ ግን ዛሬም በየጤና ጣቢያው አለ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። የመጀመሪያው የተመረጡት ምሳሌዎች የተሳኩት ብቻ ናቸው የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ያልተሳኩት ተቋም ሆነው ስላልቀሩ ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው የለም። ሁለተኛው ደግሞ የዚያ ዘመን እርዳታ ከቀዝቃዛው ጦርነት ጋር የተያያዘ ነበር የሚል ነው። አዎ፤ አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያን የተጠቀመችው በዚያው ዘመን ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የኔን ሙግት ያግዛል እንጂ አያፈርስም። የሰጪው ዓላማ ንጹሕ ባይሆንም ሥራው ሊቆም ይችላል፤ የሰጪው ልብ ንጹሕ ሆኖም ቦኖው ሊደርቅ ይችላል። ፍሬውን የሚወስነው የሰጪው ልብ ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነው።

ድንገት የተዘጋ በር

የመውጫ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያለፉት ጥቂት ዓመታት አስተምረውናል። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ሰፊና የተቀነባበረ የእህል ምዝበራ አገኘሁ ብሎ በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታውን አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እንዲሁ አደረገ። ስርጭቱ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተቀጣው ማን ነበር? እህሉን የመዘበረው አይደለም፤ በወረፋ ስሙ የተጻፈው ረኃብተኛ ነው። ሰጪው የሚጠየቀው ለግብር ከፋዩ፣ ተቀባዩ ባለሥልጣን የሚጠየቀው ለአለቃው ነው። ለተራበው ሰው የሚጠየቅ ግን በሰንሰለቱ ውስጥ አልነበረም።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተላለፈው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ሌላ ትምህርት መጣ። ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ፣ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውል መቋረጡ ተዘገበ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱ እንደ ድርጅት ሥራውን አቆመ። እዚህ ላይ በእውነት መናገር ያስፈልጋል፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የተሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የብዙ ወገኖቻችንን ሕይወት አትርፏል፤ ይህን ጎጂ ነው የሚል ሰው የተረፈችውን እናት ፊት ለፊት አይቶ ይናገር። ጉዳቱ የመጣው መድኃኒቱ ስለተሰጠ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚሰጠውን ባለሙያ ደመወዝ ማን እንደሚረከብ ሳይወሰን በመቆየቱ ነው።

ለንጽጽር የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን እንመልከት። ከ1995/96 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። ለመድኃኒት፣ ለክትባትና ለሥልጠና የለጋሾች ድርሻ ከፍተኛ ነበር፤ የሠራተኞቹ ደመወዝ ግን በመንግሥት በጀት ተያዘ። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አብረው ሠርተዋል፤ ሆኖም የለጋሽ ገንዘብ ሲቀንስ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በማግስቱ ከሥራ አልወጣችም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም በመካከል የሚቆም ምሳሌ ነው። በየዓመቱ ለእርዳታ ከመማጸን ይልቅ አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ፕሮግራሙ ተረጂው ራሱን ሲችል «ተመረቀ» ይላል። ተረጂው እንዲመረቅ ሲጠበቅ ፕሮግራሙ ራሱ ግን ከለጋሾች በጀት ገና አልተመረቀም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ከዚህ ይሻላል፤ ከ450 ሚሊዮን ዶላሩ 150 ሚሊዮኑን የመደበው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ቀሪው የዓለም ባንክ ድጋፍ ነው። አንድ ሦስተኛ ሙሉ ባለቤትነት አይደለም፤ ግን መጀመሪያ ነው።

የዕድር ሚዛን

ስለ እርዳታ ስናወራ የራሳችንን የመረዳዳት ሥርዓት እንደ ጥንታዊ ቅርስ ብቻ የመመልከት ልማድ አለብን። ዕድር ግን በዘመናዊው የልማት ቋንቋ ተጠያቂነትና ዘላቂነት የሚባሉትን በተግባር የያዘ ተቋም ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮውና መቀጫው የታወቀ ነው፤ አባሉ በጉባኤ ተነሥቶ «ድንኳኑ የት ደረሰ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ዛሬ የሚቀበለው ሰው ትናንት የሰጠ፣ ነገም የሚሰጥ ስለሆነ አንገቱን አይደፋም።

ዕድርን ማወደስ ግን ድንበሩን እንዳናይ ሊያደርገን አይገባም። ዕድር የሚሠራው ሐዘን በየተራ ስለሚመጣ ነው። ድርቅ አገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመታ አዋጪውም ተቀባዩም አብረው ይራባሉ፤ የመንደሩ ካዝና በአንድ ሳምንት ይሟጠጣል። የውጭ እርዳታ ትክክለኛ ቦታው በዚህ ነው፤ አደጋው ከመንደሩና ከአገሩ አቅም በላይ ሲሆን። የሕዳሴውን ግድብ በራሳችን ገንዘብ ሠርተናልና እርዳታ አያስፈልገንም የሚሉ ወገኖች ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነው። ግድብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል፤ የሚታይ ስለሆነም መዋጮ ይስባል። የወባ መድኃኒትና የነርስ ደመወዝ ግን በየዓመቱ ይጠየቃሉ፤ ሪባንም አይቆረጥላቸውም።

መንግሥት በዚህ ረገድ የወሰዳቸው የሕግ እርምጃዎችም ጥያቄውን ሳቱት እላለሁ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ለአስተዳደር የሚወጣውንም በ30 በመቶ ገደበ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የመጀመሪያውን ክልከላ አንሥቷል፤ ይህም ተገቢ ነው። የሁለቱም ዋና ትኩረት ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣና በምን በመቶኛ እንደወጣ መቆጣጠር ነው። ከመዝጊያው በኋላ ሥራው ለማን ይተላለፋል የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ክብደት አላገኘም።

ለተመራማሪው የቀረ ሥራ

ይህ ጽሑፍ በድኅረ ምረቃ መጽሔት ላይ መውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ተወቃሾች እኛም ነንና። የብዙዎቻችን የጥናት ርእስ የሚመረጠው የምርምር ገንዘብ ያለበትን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። የመነሻ ጥናት እንሠራለን፤ የማጠቃለያ ግምገማ እንሠራለን፤ አበሉን ተቀብለን ሪፖርቱን ለድርጅቱ እናስረክባለን። ሪፖርቱ በሌላ አገር መደርደሪያ ላይ ያርፋል፤ የተጠናው ቀበሌም ሆነ የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ቅጂ አይደርሰውም። ይህም ራሱ መውጫው ያልታሰበበት እርዳታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከተዘጉ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ፕሮጀክቶችን መልሶ የሚጎበኝ ጥናት እንደ ተከበረ የመመረቂያ ርእስ ይታይ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የተተከሉትን ታፔላዎች ቆጥሮ፣ ከጀርባቸው ምን እንደቀረ የሚመዘግብ ተማሪ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጫማና ማስታወሻ ደብተር ነው። ሁለተኛ፣ በውጭ ገንዘብ የሚሰበሰብ መረጃ ሁሉ ቅጂው በአገር ውስጥ ተቋም እንዲቀመጥ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በውላቸው ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም የእርዳታ ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይኑረው፦ ሰጪው በወጣ ማግስት ደመወዙን ማን ይከፍላል? መለዋወጫውን ማን ይገዛል? ተረጂው ሲበደል ለማን አቤት ይላል?

እነዚህ ጥያቄዎች ረቂቅ አይደሉም። በሰፈሬ ያለው ቦኖ ሲሠራ አንድ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የጀሪካኑ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ይጨመርበት፣ ፓምፑም በወረዳው መዝገብ ይሰፍር ነበር። እናቶችም ዛሬ ለጋሪው የሚከፍሉትን ለልጆቻቸው ደብተር ባዋሉት ነበር።